አጎቴ በራሶ ጦጣ የጠበቀበት ዓመት

በቀደም ዕለት ከዩኒቨርሲቲው የሴቶች መኝታ ቤት ጀርባ ሳልፍ፣ አንድ ሠራተኛ አዲስ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ዘርግቶ፣ ዝናብ አርሶት፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ባለሁበት ቆምኩ። ለሌላ ሰው የአጥር ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የኑዛዜ ሽታ ነው። ጪጩ ከምትባል መንደር አጠገብ በነበረችው ትንሽ የጭቃ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አባ በምንላቸው ቄስና በተናዛዡ መካከል የሚቆመው መከለያ ከቀርከሃ የተጎነጎነ ነበርና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተንበረከክሁበት ዓመት ገና እርጥብ ነበር።

በዚያ ክረምት፣ ከከምባታ የመጣው መምህር ዮሴፍ ለኑዛዜና ለመጀመሪያ ቁርባን የምንዘጋጀውን ልጆች ሰብስቦ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ከፍ እያደረገ ያስተምረን ነበር። «ኃጢአታችሁን እንደ ቡና ልቀሙት፤ አንድም ቅርንጫፍ አትዝለሉ፤ የሰበሰባችሁትን ለአባ ስጡ» ይለን ነበር። እኔ መምህሩን ማስደሰት እወድ ስለነበር ትእዛዛቱን ከሁሉም ቀድሜ በቃሌ ይዤ ነበር፤ ነገር ግን ኅሊናዬን ስመረምር የሚለቀም ነገር አጣለሁ። አንድ ጎረቤታችን የነበረ ልጅ የሰው ፍየል በድንጋይ መትቶ እግሯን ሰብሮ ነበርና በእርሱ እቀና ነበር። እርሱ የሚናገረው አለው፤ እኔ ባዶ እጄን ወደ አባ እንዴት እሄዳለሁ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

በእርግጥ ጥፋት እንዴት እንደሚነገር የማላውቅ ልጅ አልነበርኩም። በሠፈራችን ሽማግሌዎች ለዳኝነት የሚቀመጡበት ዛፍ ያለበት ሜዳ ሶንጎ ይባላል፤ እኛ ልጆች ከዳር ሆነን እናይ ነበር። ያጠፋው ሰው ይቆማል፣ የተበደለው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፣ ጥፋቱ በሁሉም ፊት ይነገራል። የተበደለው ካልመጣ ሽማግሌዎቹ «ባለቤቱ በሌለበት ነገር አይነሣም» ብለው ከዘራቸውን አንስተው ይበተናሉ። ስለዚህ መምህር ዮሴፍ ስለ ኑዛዜ ሲያስተምር በልቤ የማየው ያንን ሜዳ ነበር፤ ቀርከሃው ብቻ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያፈገፍግ የአጎቴ የበራሶ ሚስት ታመመችና፣ አጎቴ ይዟት ይርጋለም ሐኪም ቤት ሄደ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በእርሱና በእኛ ጓሮ ድንበር ላይ ከሁሉም ቀድሞ የሚቀላ አንድ ትልቅ የቡና ዛፍ ነበረው። ኮትኩቶ ያሳደገው አባዬ ሆኖ ሳለ አያቴ ሲሞት ለታናሹ እንደሰጠው እናቴ አንድ ቀን ስትናገር ሰምቻለሁ። ዛፉ በቀላበት ሳምንት አባዬ ቅርጫት አስይዞኝ ሄዶ፣ ቅርንጫፎቹን ቀስ ብሎ እያጎነበሰ፣ ቀዩን ሁሉ ለቀመው። የእኛ ዛፎች ሙሉ ነበሩ፤ ለምን እንዳደረገው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አባት ሲያዝዝ ልጅ ቅርጫት ይይዛል።

አጎቴ ሲመለስ ወደ ቤታችን መጥቶ፣ ስለ ሚስቱ መሻል ከነገረን በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ቡናዬ የት ገባ?» አለ።

«ጦጣ» አለ አባዬ፣ ዓይኑን ከምድጃው ሳያነሣ። «ጦጣ ጨረሰው።»

አጎቴ ወጥቶ ዛፉን ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አይቶ ተመለሰና፣ «እንግዲያው የተረፈውን ልጠብቅ» አለ። በማግስቱ ከዛፉ ሥር ማማ መሥራት ጀመረ። ከዚያም ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሰው ሁሉ በለቀማ ሲሯሯጥ፣ እርሱ ጠዋት ጠዋት ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድም ጦጣ አልመጣም። የሠፈር ልጆች ሲያልፉ «በራሶ! ጦጣው መጣልህ!» እያሉ ይስቁበታል፤ እርሱም «ይምጣ! እሱን አይደል የምጠብቀው?» ይላቸውና አብሮ ይስቃል። አባዬ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ፣ ወንዝ ለመውረድ እንኳ በሩቁ ይዞር ነበር። እኔ ለአጎቴ ቁርስ ሳደርስለት ወንጭፉን ይሰጠኝና «እስቲ ጎበዝ፣ አንቺም ጠብቂልኝ» ይለኛል፤ ድንጋዩ በእጄ ላይ ይከብደኝ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ለካ የምናዘዘው ነገር ማግኘቴን አወቅሁ፤ ግን የማን እንደሆነ ጠፋኝ። «አትስረቅ» ይላል ትእዛዙ፤ «አባትህንና እናትህን አክብር» ይላል ሌላው። የለቀመው አባዬ ነው፤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ብናገር አባቴን አዋርዳለሁ፤ ባልናገር ለአባ ዋሽቼ እቆርባለሁ። መምህር ዮሴፍን «ሰው አዝዞን ያደረግነው የማን ኃጢአት ነው?» ብዬ ስጠይቀው ደስ ብሎት ራሴን ዳበሰኝና «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለአባ ንገሪው» ብሎ አለፈ። እናቴ ደግሞ ነጩን ቀሚሴን ስታጥብ ቀና ብላ ሳታየኝ «የቤት ነገር የቤት ነው፣ እሺ?» አለችኝ። ለሁለቱም «እሺ» አልኩ።

ከገና በፊት በነበረው ቅዳሜ የኑዛዜው ቀን ሆነ። እኔም በዋዜማው ወደ ማማው ሄጄ «አጎቴ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን መምጣት አለብህ» አልኩት።

«እኔ? እኔ እኮ አልተጠመቅሁም።»

«ነገር ይነገራል። አንተ ከሌለህ አይሆንም።»

ትክ ብሎ አየኝና «ባለቤት ነህ ከተባልኩማ እመጣለሁ» አለ። በጠዋት ቡሉኮውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ፀጉሩን በውኃ አርሶ ደጃችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። አባዬ ገበያ ወርዶ ስለነበር አላየንም።

ልጆቹ ተራ ይዘው በዝምታ ሲጠብቁ፣ አጎቴ በርጩማ ስቦ ከቀርከሃው መከለያ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ አባ አድርጎ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ከባሕር ማዶ የመጡት ሽማግሌ ቄስ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። መምህር ዮሴፍ እየተጣደፈ መጥቶ «አቶ በራሶ፣ ምን ሆነው ነው?» አለው።

«ተጠርቼ ነው። ልጅቷ ትናገራለች፣ እኔ እሰማለሁ።»

«የለም፣ ይህ ምሥጢር ነው። ከአባ በቀር ማንም አይሰማም።»

«ሰውየው ምን ተበድሏል?» አለ አጎቴ፣ አባን በከዘራው ጫፍ እያመለከተ።

ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። መምህር ዮሴፍ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ ባለ ቅሬታ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አጎቴ ግን ሳይቆጣ ተነሥቶ፣ «ደጅ እጠብቅሻለሁ» ብሎኝ ወጣ።

ተንበርክኬ፣ የቀርከሃው እርጥበት ፊቴን እየነካኝ፣ ያጠናሁት ቃል ሁሉ ጠፍቶኝ «አባዬ የአጎቴን ቡና ለቀመ» አልኩ።

አባ ቀስ ብለው «የአባትሽን አባትሽ ይናገር። አንቺ ያንቺን ንገሪኝ» አሉ።

«ቅርጫቱን ያዝኩ። ጦጣ በላው ሲባልም ዝም አልኩ።»

«በጥፋትሽ ታዝኛለሽ?»

«አዎ፣ አባ።» ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ቅጣቴን ስጠብቅ እንደ ሶንጎው በግ ወይም ማር ክፈይ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጸሎተ ማርያምን ሦስት ጊዜ እንድደግም ነግረውኝ፣ ፈትተውኝ «በሰላም ሂጂ» አሉኝ። አልተነሣሁም። የቀረ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ከኋላዬ ያለው ልጅ ጎሸም አደረገኝ።

አጎቴ ከደጅ የእንጨት አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ።»

«ታረቅሽ?»

«አዎ።»

«ከማን ጋር?»

ከእግዚአብሔር ጋር ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ወራት ሙሉ ማማ ላይ የተቀመጠው ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ይህን መናገር አልቻልኩም። አጎቴም ደግሞ አልጠየቀኝም፤ እስከ ቤት ከኋላዬ ተከተለኝ።

አባዬ ከገበያ ተመልሶ በጓሮው የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጥ ደረስን። እኔን በነጭ ቀሚስ፣ ከኋላዬ ወንድሙን በቡሉኮና በከዘራ አየ። ምንም አልተናገርኩም ብዬ ልጮኽ ፈለግሁ፤ ግን ያ ደግሞ ውሸት ይሆን እንዴ ብዬ አመነታሁ። ገና ሳልወስን አባዬ እጁን ከቡናው አንስቶ ቆመ።

«በራሶ» አለ፣ «ጦጣው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ አጎቴ።

«ይህች ልጅ ነገረችህ።»

«እሷማ በቀርከሃ ከልለው ለነጩ ሰውዬ አስነገሯት፤ እኔን አስወጡኝ። ጦጣ የቡናውን ቆዳ መጥጦ ፍሬውን ይተፋል፣ ወንድሜ። ያን ቀን ከዛፉ ሥር አንድም የተተፋ ፍሬ አልነበረም።»

አባዬ ወደ ማማው ዞሮ አየ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«አንተን ነዋ።»

እናቴ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ቆጮና ጎመን ይዛ ወጣች፤ ሁለቱ በአንድ ገበታ ቀረቡ። ነገሩ በኋላ በሶንጎ ፊት በወጉ ተነሥቶ አለቀ፤ ማማውም ፈርሶ ማገዶ ሆነ። እኔ ግን በዚያ ምሽት ሦስቱን ጸሎቶች ስደግም፣ ለየትኛው ይቅርታ እንደምጸልይ ግራ ገብቶኝ፣ አራተኛ ጨመርኩ።

ዛሬ በአዲስ አበባ የምናዘዝበት ሳጥን በቀለም ያበራል፤ መጋረጃው ከባድ ነው፤ ቄሱም ቃሌን ሳልጨርስ ይረዱኛል። ትምህርቱን ከዚያን ጊዜ በተሻለ አውቀዋለሁ፤ ቢጠይቁኝም በሚገባ እመልሳለሁ። ሆኖም ተፈትቼ ስነሣ እግሬ አሁንም ትንሽ ያመነታል፤ ስወጣም ወደ አጥሩ በኩል አያለሁ። ሰዎች በችኮላ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ያልፋሉ። ከዘራውን ይዞ፣ «ከማን ጋር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።