ዳንቴል የሚችል ኬዝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ኃይሉ ኮምፒውተር አላስነኩኝም። ጋሽ ኃይሉ ጭሮ መናኸሪያው አጠገብ የጥገና ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። የሰጡኝ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የቀለም ብሩሽና አቧራ የሚነፋ መሣሪያ ነው። ግድግዳው ሥር የተደረደሩ ኬዞችን፣ የኮምፒውተር ቀፎዎችን፣ አሳዩኝና «ክፈቻቸው፣ አጽጃቸው፣ ከዚያ ከምን ዓይነት ቤት እንደመጡ ንገሪኝ» አሉኝ። እየቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር።

አልቀለዱም። አንዱን ስከፍት የደረቀ የጫት ቅጠል ወጣ፤ የጫት ነጋዴ ቢሮ ነበር። ሌላው ውስጡ በዱቄት ተለስኗል፤ ወፍጮ ቤት። ከሚኤሶ የመጣው ደግሞ ፋኑ በደቃቅ አፈር ታፍኖ አይዞርም። ሁሉንም ነግሬያቸው ስጨርስ «በይ፣ ነገ ማዘርቦርድ ትነኪያለሽ» አሉኝ። እኔ አቧራ አራጋፊ ሆኜ ገባሁ፣ ረዳት ሆንኩ፣ ቴክኒሺያን ሆንኩ፣ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሱቁ በእጄ ቀረ።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ኬዝ የሚጠይቀኝ ደንበኛ አልነበረም። ስለ ራም ይጠይቃሉ፣ ስለ ፍጥነት ይከራከራሉ፤ ኬዝ ግን ለእነሱ ካርቶን ነው። በኋላ ጌም የሚወዱ ወጣቶች መጡና ነገሩ ተገለበጠ። መስታወት ይፈልጋሉ፣ ቀለም የሚቀያይር ፋን ይፈልጋሉ። ሰርግ ቤት የሚመስል ኮምፒውተር አልወድም፤ ይህን ፊት ለፊት እናገር ስለነበር ጥቂት ደንበኛ ሸሽቶኛል።

አንድ ቀን ከሚኤሶ ስልክ ተደወለ። የደዋዩንም የእናቱንም ስም እዚህ ላይ ቀይሬዋለሁ።

«ነጂብ እባላለሁ። የጌም ኮምፒውተር ራሴ ልገጥም ነው። ዕቃው ተሟልቷል፣ የሚያግዘኝ ሰው ነው ያጣሁት። አንቺ ነሽ የምትመጪው።»

አነጋገሩ አልጣመኝም። «ለምን አንተ አትመጣም?» አልኩት።

«መቆም ስለማልችል።»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። ነጂብ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቦርደዴ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ወገቡን ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ እግሮቹ አልታዘዙትም። አልጋ ላይ ሆኖ በስልኩ እየተማረ፣ ለጓደኞቹ ገንዘብ እየላከ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ አስመጥቷል። የሚፈልገው ጌም አንድ ብቻ ነው፤ ከባድ መኪና የሚነዳበት። መሪውን ሳይቀር አስመጥቶ አልጋው አጠገብ አስቀምጦታል።

የተቀበሉኝ እናቱ ናቸው፤ አዴ ሩቂያ እንላቸው። አዴ እኛ አገር እናትን፣ ትልቅ ሴትን መጥሪያ ነው። አዴ ሩቂያ ዳንቴል እየሠሩ ለሙሽሮች ቤት ይሸጣሉ። በቤቱ ውስጥ ራቁቱን የቆመ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል። በዚያ አቧራ እኔም ብሆን አለብሰው ነበር።

ከነጂብ ጋር የተጋጨነው ኬዙ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣው ኬዝ ፊቱም ጎኑም መስታወት ነው፤ አናቱ ደግሞ ሙቀት እንዲወጣበት ከዳር እስከ ዳር የተቦረቦረ ነው።

«ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ አየር አይስብም» አልኩት። «አንተ ያለኸው ደግሞ ሚኤሶ ሐሩር ውስጥ ነው።»

«እትዬ ምሕረት፣ እኔ ኮፈን ከፍቼ ሞተር ሳይ ነው የኖርኩት። አሁን ከዚህ አልጋ ላይ የሚሠራ ነገር ማየት አምሮኛል። እባክሽ ይሄን አትከልክይኝ።»

እንዲህ ተብሎ ማን ይከለክላል? በመስታወቱ ጠርዝ በሚገባው ትንሽ አየር የማሽኑ አንጀት አይቃጠልም፣ ሙቀቱም በአናቱ ይወጣል ብዬ ተውኩት። ማዘርቦርዱን ትሪ ላይ አድርጌ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ብሎኑን ሁሉ ያሰረው እሱ ነው፤ እኔ ገመዱን ያዝኩለት። ፔዳሉን ትተን ነዳጁንና ፍሬኑን መሪው ላይ ካሉት ቁልፎች ጋር አገናኘን። ኬዙን ከራስጌው አጠገብ ካለች ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። ሞኒተሩ ላይ አስፋልቱ ሲታይ ነጂብ ትከሻውን አስተካክሎ እንደ ሹፌር ተቀመጠ። አዴ ሩቂያ በሩ ላይ ቆመው አዩት፣ «ማሻአላህ» ብለው ተመለሱ።

ብዙም ሳይቆይ እንደገና ደወለልኝ።

«ይጠፋል። መሪውን ይዤ መንገድ መሀል ላይ ድንገት ይጨልምብኛል።» ቀጥሎ «ሌላ ሰው ቢሆን አይከብደው ይሆናል» አለኝ።

ገብቶኛል፤ ቦርደዴ ትዝ ብሎት ነው። ሥራዬን ትቼ ወረድኩ።

ክፍሉ ስገባ ማሽኑ በርቶ ነበር። ጎኑን ብነካው እጅ አያስጠጋም። አናቱ ላይ ነጭ ዳንቴል ታጥፎ በድርቡ ተነጥፏል፤ ዘርፉ በአራቱም በኩል ወርዷል። ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ አንድም አልቀረም። ይሄ ነዋ ብዬ ላነሳው እጄን ስዘረጋ ነጂብ ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ። እናቱ ጓሮ ስለነበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«አፍኖ የሚያጠፋው እኮ ይሄ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ይሄን ለኔ ነው የሠራችው። ለሰርጌ። ሙሽራዋ ስትገባ የቤቷን ዕቃ እንድታለብስበት። አደጋው መጣ፣ ሰርጉ ቀረ፣ እናቴም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ስትከፍት አይቻት አላውቅም። ኮምፒውተሩ ሥራ የጀመረ ቀን አውጥታ አጠበችው፣ ተኩሳ አለበሰችው። እየሳቀች ነበር እትዬ። አንሺው ብዬ እንዴት እነግራታለሁ?»

«እኔ ልንገራቸው፤ የሙያ ነገር ነው ብዬ።»

«አይሆንም። ኬዙን ቀይሪልኝ። ዳንቴሉ ሳይነሳ የሚሠራ ፈልጊልኝ። መስታወቱ ይቅርብኝ።»

ያንን መስታወት እንዴት እንደለመነኝ አስታወስኩ።  ቦርሳዬን ከፍቼ የማልፈልገውን ካቻቢቴ ፈለግሁ። ነጂብ ማሽኑን አጠፋና «እስክትመጪ አላበራውም» አለኝ።

ጭሮ እንደተመለስኩ ፍለጋ ጀመርኩ። የሚያስፈልገኝ አናቱ ድፍን ብረት የሆነ፣ አየር በፊቱ ስቦ በጀርባው የሚያስወጣ፣ የጌሙን ሥዕል የሚያወጣውን ረጅም ግራፊክስ ካርድ የሚያስገባ ኬዝ ነው። ከድሬዳዋም ከአዲስ አበባም ፎቶ ተላከልኝ፤ ሁሉም አናቱ ክፍት ነው። አንዱ ነጋዴ ስልክ ላይ «አናቱ የተዘጋ ኬዝ አሁን ማን ይፈልጋል?» አለኝ።

«እኔ። ላዩ ላይ ጨርቅ ይቀመጥበታል።»

«ጨርቁን አንሺዋ» ብሎ ሳቀ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ኬዙን ያገኘሁት ሂርና ነው። ኢንተርኔት ቤት የነበረውን ክፍል ሸቀጥ ቤት ያደረገ ሰው፣ አንድ የድሮ የብረት ኬዝ የጫት ሚዛን ማስቀመጫ አድርጎታል። ለሽያጭ የቀረበ አልነበረም፤ ለሚዛኑ የሚሆን በርጩማ አምጥቼለት ተስማማን። ሜትሬን አውጥቼ ስለካው ካርዱን ለጥቂት አያስገባም። የሃርድ ዲስኩ መደርደሪያ ከተቆረጠ ግን ይገባል።

ጭሮ በያጅ ዘንድ ወሰድኩት። መደርደሪያውን በግራይንደር አስቆረጥኩ፣ ስለቱን አስሞረድኩ። የፊቱን ፕላስቲክ አስከፍቼ ለመስኮት የሚሆነውን የትንኝ ወንፊት አስገጠምኩበት። በያጁ «ምን ልትነፊበት ነው?» እያለ ሲቀልድብኝ ዋለ። ፊቱ ላይ ሁለት፣ ጀርባው ላይ አንድ ፋን አሰርኩ፤ መብራት የሌላቸው። ከዚያ የራሴን ሱቅ ማሽን ገጠምኩበትና አናቱ ላይ ጋቢ አጥፌ አስቀምጬ ከባድ ሥራ ጫንኩበት። ሱቁን እስክዘጋ ድረስ ሞቀ እንጂ አልጠፋም።

ሚኤሶ ስደርስ ነጂብ ኬዙን አገላብጦ አየው። ግራጫ ነው፣ አንድ ጎኑ ላይ ጭረት አለው፣ ውስጡ አይታይም።

«አስቀያሚ ነው» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ብሎኖቹን እየፈታ እያሰረ እንደገና ገጠመው። አዴ ሩቂያ ገብተው «ምነው፣ ያ ያማረው ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

«አዴ፣ ፊቱ መስታወት ነበር፤ ለዚህ ሙቀት አልሆነም» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። ነጂብ ግድግዳውን ያያል።

ዳንቴላቸውን አመጡና አነጠፉት። ዘርፉ ፊት ለፊት ወርዶ ወንፊቱን ሸፈነው። ነጂብ ማሽኑን አበራው። አዴ ሩቂያ መዳፋቸውን ወደ ኬዙ ፊት አስጠግተው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ የፊቱን ዘርፍ ወደ ውስጥ አጠፉ፣ ከሻሻቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ያዙት። ወደ ጀርባውም ዞረው እንደዚያው አደረጉ። አየር በጀርባው እንደሚወጣ አልነገርኳቸውም ነበር።

ነጂብ መሪውን ያዘ። በዚያን ቀን እናቱ በሩ ላይ አልቆሙም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን «ሱታ ኦፊ፣ ኢልመ ኮ» አሉት፤ ቀስ ብለህ ንዳ ልጄ ማለታቸው ነው። እሱም ቀስ አደረገ። ማሽኑ አልጠፋም።

ስሄድ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሚኒባስ እየጠበቅን «ልጄ፣ ዳንቴሉ ነበር አይደል?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ፣ አዴ።»

«ሙቀቱን በእጄ አይቼ ጠርጥሬ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ላነሳው ገባሁ። ልጄ ተኝቷል፤ ዘርፉን በእጁ ጨብጦ ነው የተኛው። ከእጁ ላይ እንዴት ልንጠቀው? ትቼው ወጣሁ።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እንዳወቅሁ አትንገሪው። እኔን ላለማስከፋት ብሎ ነው ዝም ያለው፤ ይሄን አይጣብኝ።»

«አልነግረውም» አልኳቸው።

በሕይወት እስከነበሩ ድረስ አልነገርኩትም። ካረፉ በኋላ ለቅሶ ልደርስ፣ ለተዝያ ሄጄ ሰው ሲቀንስ ነገርኩት።  ነጂብ እጁን ሰድዶ የዳንቴሉን ዘርፍ ያዘና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማሽኑ ዛሬም በዚያው ኬዝ ይሠራል፤ ወንፊቱን ሁለት ጊዜ ቀይሬለታለሁ።

ኬዝ ምረጪልን ብለው ለሚመጡ ወጣቶች የካርዱን ርዝመት እለካለሁ፣ ፋኑ በየት እንደሚስብ አሳያለሁ፣ ስለ መስታወትም ያለኝን እናገራለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ላዩ ላይ ምን እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያስቀምጠው እጠይቃለሁ። የማያውቅ ካለ፣ ቤቱ ሄዶ አይቶ እንዲመጣ እመልሰዋለሁ።