ዝርዝሩ ላይ የመጨረሻው ቤት

እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ፤ ይህን ስናገርም ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ግብር ይቀነስ፣ ሕግ ይከበር፣ ልጅን የሚያሳድገው ወላጁ እንጂ መንግሥት አይሁን እላለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ኧርቪንግ ከተማ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ስንት ዓመት ለሰው ቁርስ እንቁላል ስጠብስ ኖሬ፣ ማኪኒ ውስጥ በገዛሁት ቤት ሌላ ሰው መጥቶ ሣርሽ ረዘመ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «እማ ጀመራት» ይላሉ። አዎ፣ ጀመረኝ!

እህቴ ደግሞ ተቃራኒዬ ናት። በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። አዲስ አበባ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። አባታችን የሚያከራያቸውን ሁለት ክፍሎች ቀበሌ ትርፍ ቤት ብሎ ሲወስድበት ሁለታችንም በር ላይ ቆመን አይተናል። እኔ ከዚያ ቀን ይዤ የቀረሁት መንግሥት እጁ ሲረዝም የሚያደርገውን ነው። እሷ ይዛ የቀረችው ከዚያ በኋላ ጎረቤት በየተራ እንዴት እንዳበላን ነው። «ሰው ለሰው ካልደረሰ መንግሥት ምን ይሠራል?» ትላለች። «ያበላን ጎረቤት እንጂ ቀበሌ አይደለም» እላታለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተጨቃጭቀናል፤ እውነቱን ለመናገር ጭቅጭቁ ይጥመን ነበር።

ባለፈው መከር የምደግፈውን እጩ ስም የያዘ ሰሌዳ ሣሬ ላይ ተከልኩ። እትዬ ለልጄ ልደት መጣች፣ መኪናዋን ፓርክ አደረገች፣ ሰሌዳውን አየችና አልወርድም አለች።

«ይሄን ያርድ ሳይን ካልነቀልሽው አልገባም።»

«እንግዲያው እዚያው ብይ» አልኳትና ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በሳህን አድርጌ በመስኮት አቀበልኳት።

ለቀልድ ነበር። እሷ ግን ሳህኑን ተቀብላ ሞተሯን አስነስታ ሄደች። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። ቤታችን መካከል ያለው ሁለት መንገድ ብቻ ነው። የቀረብኝ ክርክሩ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ደውላ ያለ ሰላምታ «አንቺ!» ብላ የምትጀምረው ወሬ ነው። በጣም ናፍቃኝ ነበር፤ ኩራቴ ባሰና ዝም አልኩ።

ፀደይ ሲመጣ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ እጩ ቤት ለቤት የሚቀሰቅሱለት፣ እዚህ ካንቫስ የሚሉትን የሚሠሩለት ሰዎች ፈለገ፤ እኔም ተመዘገብኩ። አስተባባሪዋ የቤቶቹን ዝርዝር ስልካችን ላይ ጫነችልንና ሕጉን ነገረችን። አንድ በር ላይ ሦስት ደቂቃ ብቻ፤ ቤት ውስጥ መግባት የለም፤ ምንም ነገር መቀበል የለም።

የመጀመሪያውን ደወል ስደውል ልጅነቴ መጣብኝ። ስምንት ዓመቴ ሆነ! እንቁጣጣሽ ሆነ! አምስት ልጃገረዶች አዲስ ቀሚስ ለብሰን፣ አደይና እንግጫ ይዘን፣ እየዘፈንን በየቤቱ የምንዞርበት ጠዋት። እትዬ አውጪ ነበረች፤ እኔ ድምፄ ስለማያምር ከኋላ ተቀባይ ብቻ ነበርኩ። እሷ ሕጓ አንድ ነበር፤ ቤት አይዘለልም። ምንም ሰጥቶን የማያውቀውን ሽማግሌ፣ ያንን ውሻ ያለውን ግቢ እንኳ አናልፍም። «ትዘያለሽ? እንግዲያው ከርሞ አትመጪም» ትለኝ ነበር።

በሩን የከፈተው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ አዛውንት አሜሪካዊ ነው። ስለ ቤት ግብር ያጠናሁትን ነገርኩት፣ ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ጨረስኩ። ግን አልሄድኩም። እሱ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ለካ ሰውነቴ ዘፍኖ እንደጨረሰ ልጅ ስጦታ እየጠበቀ ኖሯል! ሰውዬው ጨነቀው መሰለኝ፣ ገብቶ ሚስቱ በኮምጣጤ የዘፈዘፈችውን ባሚያ በጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ተቀበልኩት። መኪናዬ ጋ እስክደርስ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሦስተኛው ቤት የወሎ ሴት ወጣች። «ግቢ እንጂ፣ እኔ በር ላይ ሰው አላቆምም» አለች። ሕጉን ነገርኳት። «የምን ሦስት ደቂቃ ነው? ሳምቡሳው ራሱ በሦስት ደቂቃ አይበላም!» አርባ ደቂቃ ቆየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የኋላ ወንበሬ ላይ የባሚያው ጠርሙስ፣ ሳምቡሳ በፎይልና አንዲት የተቆረጠች ጽጌረዳ ነበሩ። ደስ የሚለውን የፀደይ አየር እየማግሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ በረዶ የበዛበት ጣፋጭ ሻይ እየጠጣሁ ነዳሁ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ማን ያምናል?

ከዚያ ስልኬ የመጨረሻውን ቤት አሳየኝ። የእትዬ ቤት ነው። ከሥሩ «አቋሟ ያልታወቀ» ይላል። እትዬ! አቋሟ ያልታወቀ! ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮኼ ሳቅሁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ከመኪናው አልወረድኩም። «አልተገኘችም» የሚለውን ነክቼ ብሄድ ማን ያውቃል? ግን ቤት አይዘለልም። ከአጥሩ ዳር የበቀለ ቢጫ አበባ አለ፤ አደይ ሊባል ምንም አይቀረው። አንድ እፍኝ ለቀምኩና ደወሉን ተጫንኩ። ካሜራ ያለው ደወል ነው።

«ሲሪየስሊ?» አለ ደወሉ በእትዬ ድምፅ። «እኔን ካንቫስ ልታደርጊ ነው የመጣሽው?»

«ዝርዝሩ ላይ አለሻ! ቤት አይዘለልም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ሳህንሽን ፈልገሽ ከሆነ በር ላይ አስቀምጥልሻለሁ» አለች።

ስለ ግብር ያጠናሁትን ሁሉ ተውኩት። ወረቀቶቹን መሬት ላይ አስቀመጥኩና አጨበጨብኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አውጪ ሆንኩ። የእንቁጣጣሹን የመጀመሪያ ስንኝ በዚያ በማያምር ድምፄ አወጣሁ። ሣር የሚያጭደው ጎረቤት ማሽኑን አጥፍቶ አየኝ። የሚቀበለኝ ጠፋ። አውጪ ተቀባይ ሲያጣ ምን ያህል ሞኝ እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለተኛውን ስንኝ ባሰብኝና ጮክ ብዬ አወጣሁ።

ተቀበለችኝ። ደወሉ ድምፅ የሚያደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ድምፅዋ ጭብጨባዬ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እኔ ስቀድም፣ እሷ ስትደርስ፣ መልሰን ስንጋጭ አንድ ስንኝ እንኳ አብረን መጨረስ አቃተን። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሳቋ መጀመሪያ ከበሩ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ያው ሳቅ ከደወሉ ወጣ።

«አልመርጠውም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ስለዚህ በከንቱ እንዳትለፊ። ደግሞ ዜማ አታውቂም፣ እንደ ድሮሽ ነሽ።»

አበባውን ከእጄ ወሰደች። ስገባ የጫማ መደርደሪያው ላይ ሳህኔን አየሁት። ታጥቦ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከመኪናዋ ቁልፍ አጠገብ ተቀምጧል። ስንት ጊዜ አንስታ ስንት ጊዜ እንደመለሰችው አልጠየቅኳትም።

ስልኬ ውጤቱን ጠየቀኝ። እትዬ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ «ትቃወማለች በይ፣ እንዳትዋሺ» አለችኝ። ነካሁት። ከሥሩ «ተመልሶ መምጣት ያስፈልጋል?» የሚል ወጣ። ያለ መነጽር ልታነበው ዓይኗን አጠበበች።

«አዎ በይው» አለች።