ከመደቡ ራስጌ የተተከለው ራውተር

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ብርዱ ሲጠነክር፣ ቤይሩት ያለችው ልጄ በሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከችልኝ። ካሜራ ያለው ስልክ፣ ራውተር የሚሉት ነጭ ዕቃና ለአባቷ ግራጫ ሹራብ ነበረበት።

አባቷ የሞተው ሐምሌ ላይ ነው። አልነገርናትም። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ደግፎ የሚይዛት ሳይኖር መርዶ አይነገርም፤ ስትመጣ ይደርሳል ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ስትደውል አንድ ቀን እርሻ ወርዷል፣ ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያን ነው እያልኩ ከረምኩ።

ፊታችንን ካየች ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በቤት ስልክ መስመር የሚገባው ግን እንደሚሠራ ሰምታ ነው ራውተሩን የላከችው።

የተከለችልኝ ጎረቤቴ ናት። ሪያድ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች፣ ሙስሊም እህቴ። እንዲህ ያለውን ዕቃ እዚያ ስታቃና ኖራለች።

"እታለም፣ የት ይቀመጥ?" አለችኝ ገመዱን እየፈታች።

"ጓዳ አይሆንም?"

"ጓዳ ምን ሊሠራ? ከሊጡ ጋር ሊቦካ?"

ገመዱ አጭር ነበር። የስልኩ መስመር የሚገባው ደግሞ ባለቤቴ ይቀመጥበት ከነበረው መደብ ራስጌ ነው። እዚያው ተከለችው። መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ።

"አሁን የይለፍ ቃል ስጪው። ማንም የማያውቀው ይሁን።"

"አንቺው ስጪው።"

"እኔ ከሰጠሁትማ ከቤቴ ተቀምጬ በነጻ ልጠቀምብሽ ነው!" ብላ ሳቀች።

ስልኩን ይዤ ጓዳ ገባሁ፤ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ደጅ ወጣሁ፤ ጠፋ። ግድግዳችን ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ከመደቡ ፊት ስመለስ ብቻ መጣ። ልጄ ስታየኝ ባዶውን መደብ አብራ ማየቷ ነው።

ጥቁር ልብሴን አውልቄ ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። የተላጨ ራሴን በሻሽና በነጠላ ሸፈንኩ። አሁን ከላዩ የተነሣ እንዲመስል የባለቤቴን ጋቢ መደቡ ላይ ጣል አደረግሁ። ጎረቤቴ አየችኝና ከካሜራው ፈቀቅ ብላ ተቀመጠች።

ወደ ማታ ልጄ ደወለች። ከስታለች። ያለችበት ክፍል መስኮት የለውም። ቢሆንም በሕይወት አሳየኸኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

"እማዬ! ነጭ በነጭ ሆነሻል! ዓውደ ዓመት ነው እንዴ?"

"አንቺን ማየትስ ዓውደ ዓመት አይደል?"

"ምነው ተሸፋፈንሽ?"

"የጥቅምት ብርድ ነዋ። አገርሽን ረሳሽው?"

"አባዬስ? ሹራቡ ልኩ ሆነ?"

"ወግዲ ሄዷል፣ ለዝክር።"

ዓይኗ ከኋላዬ አረፈ።

"ጋቢውን ትቶ? በዚህ ብርድ?"

በችኮላ ነው የወጣው፣ ብቻ አልኳት።

"ነገ ሲነጋጋ፣ እመቤቲቱ ሳትነሣ እደውላለሁ። አድሮ የሚመጣም ከሆነ በማግስቱ፣ ካልሆነም በሌላው ቀን፣ እስካየው ድረስ በየጠዋቱ እደውላለሁ። ሹራቡን አልብሽልኝ።"

"እሺ" አልኳት።

ስልኩ ተዘጋ። ራውተሩ መብራቱን ያብለጨልጫል። ነቅዬ ልጥለው አሰብኩ። ግን ብነቅለው ፊቷን አጣለሁ፤ ብተወው አባቴን አምጪ ትለኛለች። በገዛ ቤቴ መውጫ አጣሁ።

ጎረቤቴ ሹራቡን አንሥታ ታጥፈው ጀመር።

"የእኔ እናት ስትሞትም አልነገሩኝም" አለች። "ለሞተች ሴት ሻሽ ስገዛ ኖርኩ። ሻንጣ ሙሉ ሻሽ ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ነው እሪ ያሉብኝ። ወላሂ፣ እታለም፣ ከሞቷ ይልቅ ያ ሻሽ ነው ያቃጠለኝ።"

"ታዲያ እዚያ ማን ደግፎ ይይዛታል?"

"አንቺ ነሻ። ትታይሻለች፣ ትታያታለሽ። ለእኔ ይኼም አልነበረኝ። አብሽሪ።"

ሹራቡን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣት። ጸሎቴን አድርሼ ጋቢውን ከመደቡ አነሣሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ ጥቁሬን መልሼ ለበስኩ። ጎረቤቶቼን ቀሰቀስኩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጣ። ልጄ የምታውቀው ፊት ሁሉ እንዲታያት ከራውተሩ አጠገብ ጠጋ ጠጋ ብለው እንዲቀመጡ አደረግሁ። እኔ በባለቤቴ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ሲጠራ ሻሼን ከራሴ ላይ አውርጄ አነሣሁት።