የጃትሮፋ ዘይት ጣርማ በርን የወጣ ዕለት

ሸዋ ሮቢት ጋራዥ በገባሁበት ቀን አለቃዬ ጋሼ ተሾመ መፍቻ አላስያዘኝም። «መጀመሪያ ጭስ ማየት ልመድ» አለኝ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በደንብ አልተቃጠለም፤ ወደ ሰማያዊ ካደላ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። የአይሱዙ ጭስ ሳይ ዋልኩ።

ዋና መካኒክ ከሆንኩ በኋላ ነው «ጃትሮፋ ትከሉ» የተባለው። ከፍሬው የሚጨመቀው ዘይት በናፍጣ ፋንታ ይሠራል ተባለ። ሰናይት የምትባል የእርሻ ባለሙያ አሮጌ ፒካፕ ይዛ መጣች።

«ጋሼ መኮንን፣ በዚህ ዘይት ጣርማ በርን ይወጣል?»

«ወፍራም ነው። አሙቀን እናቀጥነውና እንሞክራለን።»

ለዘይቱ ሁለተኛ ታንከር ገጠምኩ። የራዲያተር ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት የመዳብ ቱቦ በውስጡ አዞርኩ። ሞተሩ በናፍጣ ይነሳል፤ ሲሞቅ ወደ ዘይቱ እንቀይረዋለን።

ፍሬውን ከየቦታው ለቅመው ያመጡት ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የቀወት ገበሬ ነበሩ። እሳቸውም አብረውን ጋቢና ገቡ። ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱን ስንያያዘው ወደ ዘይቱ ቀየርኩት። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ማርሽ ቀነስኩ። ሐጂ «ቢስሚላህ!» አሉ።

ወጣ! የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ሰናይት እልልታዋን አቀለጠችው። ከኋላችን የነበረ የአውቶቡስ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ምንድን ነው የምትጠብሱት? ራበን እኮ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ጭሳችን የመጥበሻ ሽታ ነበረው፤ ጥቁር ግን አልነበረም።

«በቃ» አሉ ሐጂ፣ «መሬቴ ላይ ያለውን ግራር መንጥሬ፣ የማሾ ማሳዬንም ጨምሬ ጃትሮፋ ነው የምተክልበት!»

«ኧረ ሐጂ፣ እንዳያደርጉት!» አለች ሰናይት። «ግራሩ ከተመነጠረ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። የሚበሉት ማሾም ከሌላ አገር በናፍጣ መኪና ተጭኖ ሊመጣልዎ ነው። ታዲያ ምኑን አተረፍን?»

«እና ይህን ሁሉ ዳገት ለምን ወጣን?»

«መውጣቱን ልናይ ነዋ። አጥርዎ ላይ ይትከሉት። ቅጠሉ መርዛም ስለሆነ ፍየል አይነካውም።»

ሐጂ ከት ብለው ሳቁ። «ፍየል ካልነካውማ ወላሂ ከናፍጣም ይበልጣል!»

እየዘፈንን ወረድን። ሐጂ አጥራቸው ላይ የተከሉት ጃትሮፋ ሲያፈራ ዘይቱ ለፒካፑ የሚበቃ አልሆነም። ታንከሩን ፈትቼ ለሐጂ የመስኖ ፓምፕ ገጠምኩላቸው። ፓምፑ ውሃ የሳበ ዕለት ሐጂ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው፣ ሰናይትንና እኔን ብሉ እያሉ በማንጎ አስጨነቁን።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት መካኒኮች ስለ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ኃይሉ የሚመጣበትን ቦታ ሳታዩ መኪናውን ንጹሕ ነው አትበሉ።