ዓይን ጨፍኖ መጸለይ

«ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ» ሲባል እኔ አልጨፍንም። ባኬ ጃማ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ዓይኗን ገልጣ የምትጸልይ ሴት ብትኖር እኔ ነኝ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ያማራትን ነገር ካየች እግሯ ከሐሳቧ ይቀድማል። ስሟን ቢጠሩት አትዞርም። የሰው ፊት ማየትማ ጨርሶ አይሆንላትም፤ የእኔን የእናቷንም ጭምር። ሁለት ጊዜ ከባጃጅ ፊት ጎትቼ አውጥቻታለሁ። ሰው ግን «ስላልቀጣሻት ነው» ይለኛል፤ መካሪ መቼ ይጠፋል።

ባለፈው እሑድ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ታዘቡኝ መሰለኝ፣ ክንዴን ነካ አድርገው፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አይዞሽ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ አያታለሁ፤ አንቺ ጸልዪ።» ደክሞኝ ነበር። የልጄን እጅ አስያዝኳቸውና ጨፈንኩ። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ስገልጥ መቀመጫዋ ባዶ ነው። አሮጊቷም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አምርረው ይጸልያሉ። የዕድሜ ልክ ልማዳቸውን ማን ያስጥላቸው!

ክው አልኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አሥር እርምጃ አለፍ ብሎ አስፋልቱ ነው። የሰው እግር እየረገጥኩ ወጣሁ። ጥበቃውን «ልጅ ወጣች?» አልኩት።

«ኧረ አዴ፣ ማንም አልወጣም።»

አላመንኩትም። መንገዱን ላይና ታች አየሁ። ጸሎቱ ሳያልቅ ተመልሼ ገባሁ።

ውስጥ ነበረች። ከወንበር ወንበር እየተዘዋወረች የሚጸልዩትን ሰዎች ፊት ታያለች። ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿ ሊነካቸው እስኪደርስ ተጠግታ፣ አንዱን ፊት ሳትቸኩል አይታ ወደ ሌላው ታልፋለች። ማንም መልሶ አያያትም። ፊት አታይም ብዬ ለስንቱ ያወራሁላት ልጅ!

ቦታዬ ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ እኛ ወንበር ደረሰች። ልይዛት እጄን ሰደድኩና መለስኩት፤ ከያዝኳት ማየቷን ታቆማለች። መጨፈን ፈለግሁ። እኔንም እንድታየኝ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈለግሁ። ግን በሩ አሁንም ክፍት ነው፣ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል። አልጨፈንኩም። ዓይኔ ተገልጦ ስታገኘው ፊቷን አዞረች። አልፋኝ ሄዳ የአሮጊቷን ፊት ጎንበስ ብላ ማየት ጀመረች።