ሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። የነፍስ አባቴ በየጾሙ ሲያናዝዙኝ ስካሬን፣ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን አንዷን እዘላት ነበር። ለእናንተ ለማታውቁኝ መናገር ለምን ቀለለኝ? ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ስሙኝ፤ ስትሰሙኝ ግን አትዘኑልኝ።

በንጉሡ የመጨረሻ ዘመን ደብረ ማርቆስ ላይ መካኒክ ነበርሁ። ወይዘሮ ብርነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ሁለት አውቶቡስ ነበራቸው፤ ሁለቱንም የምጠግን እኔ ነኝ። አንደኛውን የሚነዳው አያሌው የደምበጫ ሰው ነው። ዝምተኛ፣ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሮ ሳያይ የማይወጣ ሾፌር።

አንድ ክረምት የእሱን አውቶቡስ ካምቢዮ አወረድሁት። ማርሾቹ ከሚቀመጡበት ከዚያ ሣጥን ውስጥ፣ የገባ ማርሽ ተመልሶ እንዳይወጣ አንዲት ትንሽ ኳስ ተጭኖ የሚይዝ ሞላ አለ። የሁለተኛው ማርሽ ሞላ ተሰብሮ አገኘሁት። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅሁም። ከተጣለ አሮጌ ካምቢዮ አጠር ያለ ሞላ ነቅዬ ገጠምሁ። ለማንም አልተናገርሁም። አዲሱ ሲመጣም መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁት። እየሄደ ያለን መኪና ማን መልሶ ይከፍታል?

ወር ሳይሞላ አያሌው መጣ። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሁለተኛው ማርሽ በራሱ እየወጣ መኪናው ያለ ማርሽ እንደሚንደረደርበት፣ ያን ሁሉ ሰው በፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ እንደፈራ ነገረኝ። ባዶውን መኪና በከተማው ደልዳላ መንገድ ላይ ነዳሁት፤ ምንም የለውም። ሰው ጭነን ከደጀን ቁልቁል አብረን እንውረድና እየው አለኝ። አልሄድሁም።

ለምን አልሄድሁም? ጠርጥሬው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ደጀን ላይ ከሌላ መካኒክ ጋር ቆሞ ሲያወራ አይቼዋለሁ፤ እኔ ስደርስ ዝም አሉ። ያ መካኒክ የሚስቱ ወንድም መሆኑን ስሰማ ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ማርሽ ወጣ እያለ እኔን አስነቅሎ የሚስቱን ወንድም ሊያስገባ ነው አልሁ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አደርህ ሲለኝ እንኳ ምን ሊሰልል ነው እል ነበር። ከወይዘሮ ብርነሽ ግቢ ሲወጣ ካየሁት ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አይዝልኝም። ሞላውን ረስተኸው ነበርን? ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁትም። የእሱን ተንኮል ማሰብ የራሴን ሞላ ከማሰብ ይቀለኝ ነበር።

ሄጄ ለወይዘሮ ብርነሽ፣ አያሌው እኔን ለማሳጣት ማርሹን ራሱ ያወጣዋል አልኋቸው። እሳቸው ግን ሰው በወሬ የሚቀጡ ሴት አልነበሩም። አያሌውን ጠርተው ጠየቁት። እሱም እርስዎ ባሉበት ካምቢዮው ይከፈት አለ። ለሰኞ ተቀጠረ።

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ እኔ ብቻዬን ጋራዥ ገባሁ። ክዳኑን ፈታሁ። አጭሩ ሞላ ደክሞ፣ ኳሷን መያዝ አቅቶት አገኘሁት። አያሌው እውነቱን ነበር። አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ገጠምሁ፣ ዘጋሁ። ሰኞ በሁላችንም ፊት ተከፈተ፤ አንዳች እንከን አልተገኘም። ሌላ ሾፌር ሰው ጭኖ እስከ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ተመለሰ፤ ማርሹ ንቅንቅ አላለም።

አያሌው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ነክተኸዋል?" አለኝ።

"አልነካሁትም" አልሁት።

ወይዘሮ ብርነሽ ይህም አልበቃቸውም። ሁለታችንንም ማርያም ወስደው ደጀ ሰላሙ ላይ በቄስ ፊት አስማሉን። አያሌው፣ ማርሹ በራሱ ይወጣ ነበር፣ እኔ አላወጣሁትም ብሎ ማለ። እኔ መስቀል ስሜ አልከፈትሁም፣ አልለወጥሁም ብዬ ማልሁ። እኔ ማልሁ። የእሑዱ ግራሶ ከጥፍሬ ሥር ሳይለቅ እኔ ማልሁ። መኪናውም ለእኔ መሰከረ። እሳቸው እያዘኑ አያሌውን አሰናበቱት። መኪና ያበላሻል የሚለው ስም በየደረሰበት ቀድሞ ይጠብቀው ጀመር፤ መሪ የሚያስጨብጠው ባለመኪና ጠፋ።

ደስ አለህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ጥቂት ሰነበትሁ ደስ ብሎኝ። የሚስቱ ወንድም ግን ቦታዬን ሊጠይቅ አልመጣም። የራሱ ጋራዥ ያለው፣ የእኔን ሥራ በሐሳቡም ያልመኘ ሰው መሆኑን ከዓመት በኋላ ሰማሁ።

በሦስተኛው ዓመት አያሌውን ደምበጫ ገበያ ላይ አየሁት። በፈረስ እህል ያመላልሳል። ልታጠፍ ስል ጠርቶ ሳመኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ የጭነት መኪናዬን ንዳልኝ ብሎት እምቢ እንዳለ ነገረኝ። ለምን አልሁት።

"ብዙ አሰብሁበት" አለ። "አንተ በመስቀል ማልህ። በመስቀል ዋሽተህ የምትምል ሰው አይደለህም። እንግዲህ ሳይታወቀኝ የማወጣው እኔው ነበርሁ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰው ገደል ብከተው ኖሮስ?"

እኔ ሥራውን ብቻ የወሰድሁበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ራሱን እንዲጠረጥር አድርጌው ኖሯል! በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌንም ከፈትሁ። ያልሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

"እግዚአብሔር አትርፎሃል" አልሁት።

እሱም አሜን አለኝ።

ከዚያ ወዲያ መሪ ሳይጨብጥ ሞተ። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ወጣት ነበርሁ፣ እንጀራዬን ፈርቼ ነው አልልም፤ እሱም እንጀራ ነበረው። ይቅርታ የሚያደርግልኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደበደልሁት እንኳ ሳያውቅ ሄደ። ሴት ልጁ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። በደጇ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። ነገ ግን አላልፍም፤ አንኳኩቼ እገባለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም። አባትሽ ጎበዝ ሾፌር ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ቆሜ እሰማለሁ።