ሁለቱ አበልጆች እና አራተኛው ማሽን

ሁለቱ እትዬዎች አበልጆች ናቸው። አንደኛዋ የሌላኛዋን ልጅ ክርስትና ያነሱት አዲስ አበባ ነው፤ ልጁ ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ በርባንክ ውስጥ የራሱን ልጆች ትምህርት ቤት ያመላልሳል። እነሱ ግን በየቅዳሜው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ በምሠራበት ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ አራተኛው የመክፈያ ማሽን ፊት ቆመው ይጣሉ ነበር። የሚጣሉት እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል ተባብለው ነው።

አንዷ አጭር ናቸው፣ ቀይ ሹራብ የማይለያቸው። ሌላዋ ረጅም ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር የሚፈልጉ። አጭሯ የሁለቱንም ዕቃ ዋጋ ማሽኑን አስነብበው ሃያ ዶላር ሲያጎርሱት፣ ረጅሟ በአበልጃቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳልፈው ሌላ ሃያ ይጨምራሉ። ማሽኑ ምስኪን ነው፤ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አያውቅም፣ የሰጡትን ይውጥና መልሱን ዘርዝሮ ይተፋል። ያን ጊዜ ጠቡ ወደ መልሱ ይዞራል። ያንቺ ነው፣ የለም ያንቺ ነው። ማሽኑ በእንግሊዝኛ መልስዎን ይውሰዱ እያለ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። የተሸነፉት አበልጅ ደግሞ እንዲሁ አይሄዱም። ተመልሰው አንድ ዳቦና ሁለት ሎሚ ያመጣሉ፤ በዚያ ሰበብ ለሌላዋ ይከፍላሉ፤ እሱንም በአዲስ ሃያ ዶላር።

ሱፐርማርኬቱ ከፌርፋክስ ሰፈራችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚገዙት አጠገባችን ያለው የሚራክል ማይል ቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ሰላጣቸውን አንስተው፣ በካርድ ከፍለው፣ ሳያዩን ይወጣሉ። ቅዳሜ የእኛ ሰው ይመጣል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይወዳል። የእኔ ሥራ ደንበኛው ያለ ካሸር ራሱ የሚከፍልባቸውን ስድስት ማሽኖች መጠበቅ ነበር። መጠበቅ ስል ዘበኛ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ነገር መልስ እንዳያልቅባቸው ነው። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ የሳንቲም ሳጥኖች አሉት። መልስ ሲሰጥ ከዚያ ያወጣል፤ ሰው በሳንቲም ሲከፍለውም እዚያው ይጨምረዋል። ሳንቲሙ ካለቀ አናቱ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ይቀላና ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የኳርተር፣ ማለትም የሃያ አምስት ሳንቲም፣ ጥቅል እየሰበርኩ በተራ አጎርሳቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወድጄው ነበር። ስድስት ልጆች ቁርስ አብልቶ የላከ ሰው ደስታ ይሰማኝ ነበር።

ማናጀሬ ፊሊፒናዊት ናት፤ ደግ፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት። አራተኛው ማሽን ሳንቲም የሚጨርሰው ተበላሽቶ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ቴክኒሻን አስጠርታለች። ሰውዬው ፈታትቶ ምንም አላገኘም። ማሽኑ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው እኛ ዘንድ ነው ብዬ ልነግራት አፈርኩ።

ያኔ ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ቀን እዚህ ግማሽ ፈረቃ እሠራለሁ፣ ከዚያ ሎንግ ቢች ወርጄ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ቤት የምገባው ለእንቅልፍ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጫማዬን ሳስር ባለቤቴ ሆዷን ይዛ፣ «ምጤ ማታ ቢመጣ ማን ይወስደኛል?» አለችኝ። እደርሳለሁ አልኳት። ከሎንግ ቢች ፌርፋክስ በዚያ ትራፊክ እንደማልደርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ማናጀሬ ለሙሉ ሰዓት ሥራ ልታጨኝ እንዳሰበች ስትነግረኝ እጇን ልስማት ምንም አልቀረኝም። የአካባቢውን ሱፐርማርኬቶች የሚቆጣጠረው የወረዳው አለቃ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። ስድስቱን ማሽኖች አረንጓዴ ሆነው ካገኛቸው ወረቀቱን ይፈርማል። ከፈረመ የሕክምና ኢንሹራንስ አለ፤ ከፈረመ ሎንግ ቢች ቀረ። ረቡዕ ቀን፣ ለባንክ የሳንቲም ትእዛዝ ልትልክ ስትል፣ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ሰፈራችሁ ውስጥ የተለየ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም የለም አልኳት። ጥቅሎቹ ዓርብ መጡ፤ እንደ ወትሮው ነበሩ።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ። የእኛ ቸርች ፋሲካን ከአሜሪካኖቹ ጋር፣ ከአምስት ሳምንት በፊት አክብሮ ጨርሷል። እኔም በግ በልቼ ረስቼዋለሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ገና እየጾሙ እንደሆነ በዓይኔ እያየሁ፣ ጾም መፍቻ እንደሚመጣ ግን ለአፍታ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት ሰዉ ጎረፈ። ዶሮ፣ እንቁላል በሁለት በሦስት ካርቶን፣ ቅቤ፣ ቀይ ሽንኩርት በከረጢት። አጭሯ እትዬ እንኳን አደረሰህ ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ነገ ፋሲካ ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ጾም የጾመ ሰፈር በሙሉ የመጣው እኔ ዘንድ ነው፤ እያንዳንዱም የጓደኛውን ሊከፍል ቆርጦ የመጣ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ አራተኛው ማሽን ቀላ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ማናጀሬ ካዝናውን ከፍታ ሁለት ጥቅል ብቻ ሰጠችኝ፤ የቀረው ለካሸሮቹ ነው፣ የባንኩ መኪና የሚመጣው ማክሰኞ ነው። በዚህ ሳምንት ምንም የለም ብለኸኝ ነበር አለችኝ። ተሳስቼ ነው፣ በዓል ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው አልኳት። ተመለስኩና ጥቅሎቹን አጎረስኩ። ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑ። አሥር ደቂቃ እንደማይቆዩ አውቃለሁ።

ዞር ስል አጭሯ እትዬ አንዲት ሎሚ ይዘው አራተኛው ማሽን ፊት ቆመዋል። በሌላው እጃቸው ሃያ ዶላር አለ። ደሜ ፈላ።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት ለአንድ ሎሚ ሃያ ዶላር አያስገቡ! እንጀራዬን ሊያሳጡኝ ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እናቴ ብትሰማኝ በጥፊ ነበር የምትለኝ። እትዬ ሎሚዋን እንደያዙ አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር፤ ያ ባሰብኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ሁሉንም ዘከዘክኩት፤ የአለቃውን ነገር፣ የመብራቱን ነገር፣ የባለቤቴን ሆድ፣ ሎንግ ቢችን። ረጅሟም ከኋላቸው ሆነው ይሰማሉ።

«እና የቸገረህ ሳንቲም ነው?» አሉ አጭሯ።

«ሳንቲም ነው እትዬ።»

ሃያ ዶላራቸውን መለሱና ከቦርሳቸው ትልቅ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። በሳንቲም ለሚሠራው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያጠራቀሙት ኳርተር አፉ ድረስ ሞልቶታል። ሎሚዋን ብቻ ሳይሆን የአበልጃቸውን ዶሮና እንቁላል ጭምር እየሳቡ አስነበቡ፤ ከዚያ ኳርተሮቹን አንድ በአንድ ይለቁ ጀመር። ማሽኑ ሲጠግብ ይሰማኝ ነበር።

ረጅሟ አበልጅ ይህን ቆመው ሊያዩ ነው? ወይ ፍንክች። በሳንቲም ልትበልጠኝ ነው ብለው ወደ መኪናቸው ገሰገሱ። የፌርፋክስ የፓርኪንግ ማሽኖች በካርድ መቀበል ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሆኖም ሽማግሌዎቻችን አላመኗቸውም፤ በየመኪናው የአንድ ዓመት ኳርተር ተቀምጧል። ረጅሟ በሻሽ ቋጥረው ሲመለሱ ሰልፉ ተነቃነቀ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ባዶ የወተት ሳጥን ላይ ወጣሁና ለሰልፉ በአማርኛ አወጅኩ።

«ዛሬ የጋበዘ የሚባለው በሳንቲም የከፈለ ነው። በወረቀት የከፈለ እንደ ተጋባዥ ይቆጠራል።»

ተጋባዥ መሆን የሚፈልግ ሰው ከእኛ መካከል የት ይገኛል? ሰዉ ወደ ፓርኪንጉ ተመመ። ባል ሚስቱን ወረፋ አስይዞ ሮጠ። አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ፣ «ሶ፣ ፔኒም ይቆጠራል?» ብለው ጠየቁኝ። ይቆጠራል አልኳቸው። የቡና ቆርቆሮ ሙሉ ባለ አንድ ሳንቲም ይዘው መጡና፣ ለማያውቋት ሴት ቅቤ እስከ መክፈል ደረሱ። ሰው ይስቃል፣ ይገፋፋል፣ በሞቴ ይባባላል። እኔ ከማሽን ማሽን እየዘለልኩ መብራቶቹን እቆጥራለሁ። ስድስት አረንጓዴ። እንደገና እቆጥራለሁ፤ ስድስት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አለቃው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ። መብራቶቹን አየ፣ ቀጥሎ ሰልፉን አየ። ረጅሟ እትዬ የአጭሯን እጅ ይዘው በሌላው እጃቸው ሳንቲም እያስገቡ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሰው ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ አንዷ የሌላዋን ልክፈል እያሉ ነው አልኩት። ማናጀሬ አራተኛውን ማሽን አየች፣ እኔን አየች፣ ቴክኒሻኑ ትዝ አላት መሰለኝ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። አለቃው አምስት ደቂቃ ያህል ቆሞ ተመለከተ። የእሱ አማች ሒሳብ ሲመጣ ሽንት ቤት እንደሚገባ ነገረን። ከዚያ ወረቀቱን የቺፕስ ካርቶን ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ሎንግ ቢች ያን ሳምንት ቀረ። የሙሉ ሰዓት የመጀመሪያ ደሞዜን በተቀበልኩበት ቅዳሜ፣ የእረፍት ሰዓቴን ለአራት ሰዓት አደረግኩ። ከራሴ ገንዘብ የዘረዘርኩትን ኳርተር ኪሴ ውስጥ ይዤ ከሁለቱ አበልጆች ኋላ ተሰለፍኩ። በሞቴ፣ በልጆቼ እየተባባሉ እጅ ለእጅ ሲያያዙ፣ በመካከላቸው እጄን አሾልኬ አስገባሁ፣ አስገባሁ፣ ጨረስኩ። ደረሰኙ ወጣ።

ሁለቱም ዞሩብኝ። በዚያ ማሽን ፊት በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንተ ጴንጤ፣ ማን ጠየቀህ አሉኝ ረጅሟ። አጭሯ ሹራባቸውን ጎትተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ እዚያው፣ ሰልፉ እየጠበቀ፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

«ባለቤትህን በሰላም ይገላግልልህ። አጠገቧ ያድርግህ።»

አሜን አልኩ። ረጅሟም አሜን አሉ። ከኋላችን አንድ እርጎ ይዞ የሚጠብቅ የሚራክል ማይል ሰውም፣ ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ አሜን አለ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ ሐሙስ፣ ራት ቀርቦ ባለቤቴ የውኃ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ጠረጴዛውን ያዘች። ምጧ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ ያ ወረቀት ባይፈረም ኖሮ፣ ሎንግ ቢች ካርቶን እየደረደርኩ እገኝ ነበር። ቀና ብላ ስትፈልገኝ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር።